በምሽት ትርኢት ላይ ስለሚደርስ የሕዝብ ግፊያ

(የትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት በዓል ከመከበሩ ከሦስት ሳምንት በፊት የሳይንስ ክበብ አባሎች በአዳራሹ ያደረጉት ንግግር)



 የመረጥነው ጉዳይ ለበዓል ሰሞን የማይስማማ መስሎ የሚታያችሁ ብትኖሩ አንቀየማችሁም። ሰው ስለ ደስታ በሚያወራበት ጊዜ ስለ አደጋ ማንሣት ሟርት ነው ያለ ከራሳችን ክበብም ውስጥ አልጠፋም። ተከራክረን ካበቃን በኋላ ግን መናገሩ ይሻላል ብለን ተስማማን።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። የበዓሉ ኮሚቴ ባለፈው ወር ባወጣው ማስታወቂያ፣ በበዓሉ ምሽት የትምህርት ቤታችን ታሪክ በዋናው ሕንፃ ግድግዳ ላይ በብርሃን ሥዕል እንደሚታይ፣ በመጨረሻም ርችት እንደሚተኮስ ገልጾ ነበር። ከኮሚቴው አባሎች አንዱም «ልክ እንደ ዲዝኒላንድ ይሆናል» ብለው ነገሩን። እኛም እጅግ ደስ ስላለን፣ ዲዝኒላንድና እርሱን የመሰሉ የመዝናኛ መናፈሻዎች የምሽት ትርኢታቸውን እንዴት እንደሚያሳዩ ለማወቅ ንባብ ጀመርን። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ስንመረምር፣ ሕዝቡ በየት በኩል ይወጣል የሚል ጥያቄ ገጠመን። ከዚያ ወዲያ ከዚህ ጥያቄ ልንላቀቅ አልቻልንም።

እንደዚህ ባለ መናፈሻ ውስጥ ሕዝቡ ቀን ቀን የተበተነ ነው። አንዱ በባቡር ይሳፈራል፣ አንዱ ምግብ ይበላል፣ አንዱ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ልጁን ያስተኛል። ሲመሽ ግን ያ የተበተነው ሕዝብ ሁሉ ባንድ ሰዓት፣ ባንድ ቦታ፣ ፊቱን ወዳንድ አቅጣጫ አዙሮ ይቆማል። ትርኢቱ ሲያልቅም ባንድ ደቂቃ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ወዳንድ በር ይጓዛል። ስለዚህ ቀን የበቃው ቦታ ማታ አይበቃም።

በር ላይ መቁጠርም ቢሆን ቀላል ሥራ አልነበረም። (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያ ሐምሌ 17 ቀን 1955 ሲከፈት በሐሰት የታተሙ የመግቢያ ወረቀቶች በመሠራጨታቸው፣ ከተጠሩት እጅግ የሚበልጥ ወደ 28,000 የሚጠጋ ሰው ገባ። ከ50 ዓመት በኋላም የሆንግ ኮንጉ ዲዝኒላንድ በተከፈተ በመጀመሪያው የቻይና አዲስ ዓመት፣ በየካቲት 2006 መጀመሪያ ላይ፣ መናፈሻው ስለ ሞላ በሩ ተዘጋ። ትኬታቸውን በእጃቸው የያዙ ሰዎች ውጭ ቀሩ፤ አንዳንዶቹም በአጥሩ ላይ መንጠላጠልና ልጆቻቸውን በአጥሩ አናት ላይ ማሳለፍ ጀመሩ። ይህ የሆነው በቀን ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ብለን ስናስብ ዝም አልን።

ሌላም ነገር ተረዳን። ርችት ወደ ሰማይ ስለሚወጣ ከየትም ሆኖ ይታያል። በግድግዳ ላይ የሚጣል የብርሃን ሥዕል ግን ከፊት ለፊት ካልሆነ በቀር አይታይም። በፍሎሪዳ ባለው በማጂክ ኪንግደም ውስጥ 57 ሜትር ከፍታ ያለው ቤተ መንግሥት አለ። ከ2011 ጀምሮ በዚህ ሕንፃ ላይ ሥዕል በብርሃን ማሳየት ተለመደ፤ በ2017 የተጀመረውም ትልቁ የርችት ትርኢት ያለ ግድግዳው ሥዕል ሙሉ አይሆንም ነበር። በዚህም ምክንያት ቀድሞ በየጥጉ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥቱ ፊት መጣ። ከዚያም ወደ መውጫው የሚወስደው ትልቁ መንገድ አንድ ነው። የእኛም ትርኢት በግድግዳ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ ቀጥለን የምንናገረው የሞት አደጋ የደረሰው በመናፈሻ ውስጥ አይደለም፤ የመናፈሻዎቹን ስም ያለ ጥፋታቸው ማንሣት አንወድም። የደረሰው በከተማ በተደረገ የምሽት ትርኢት ላይ ነው። የሕዝቡ አቋቋምና አወጣጥ ግን ያው ነው።

በጃፓን አገር አካሺ በተባለች ከተማ ሐምሌ 21 ቀን 2001 በባሕር ዳር የርችት በዓል ነበረ። ከባቡር ጣቢያው ወደ ባሕሩ የሚወስደው ወደ 100 ሜትር የሚረዝም፣ 6 ሜትር የሚሰፋ የእግረኛ ድልድይ ነው። በድልድዩ ጫፍ ወደ ባሕሩ የሚያወርደው ደረጃ ግን ስፋቱ የድልድዩ እኩሌታ ነበር። ከድልድዩ ጫፍ ላይ ርችቱ በጣም ያምር ስለ ነበረ ሰዎች እዚያው ቆመው ማየት ጀመሩ። ከኋላቸው ከባቡር የወረደው ሕዝብ ይመጣል። ርችቱ ሲያበቃ ደግሞ ወደ ባቡሩ ለመመለስ የሚቸኩለው ሕዝብ ከታች በደረጃው ወጣ። ሁለቱ ሕዝቦች ድልድዩ ላይ ተገናኙ። 11 ሰዎች ሞቱ፣ 247 ቆሰሉ። ከሞቱት መካከል 9ኙ ልጆች፣ 2ቱ አሮጊቶች ነበሩ። ይህን ቁጥር በክበባችን ስብሰባ ላይ ያነበበችው ጓደኛችን ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሏት፤ ንባቡን ሌላ ሰው ጨረሰላት።

በቻይናም በሻንግሃይ ከተማ ታኅሣሥ 31 ቀን 2014 ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ብዙ ሕዝብ በወንዙ ዳር ተሰበሰበ። በዚያ ዓመት የብርሃኑ ትርኢት ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ በትኬት ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ነበር፤ ነገር ግን የአዲሱ ቦታ ስም ከቀድሞው ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው እንደ ልማዱ መጣ። ከእኩለ ሌሊት 25 ደቂቃ ሲቀረው፣ ወደ መመልከቻው ሰገነት በሚያወጣው ደረጃ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው ተጋጠመ። 36 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። በማግሥቱም ከፎቅ ገንዘብ የሚመስል ወረቀት ስለ ተበተነ ሕዝቡ ተሻምቶ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ፖሊስ ሲመረምረው ወረቀቱ የተበተነው ከአደጋው በኋላ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ወሬ በተለይ ያነሣንበት ምክንያት አለ። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ «ሕዝቡ ሥርዐት የለውም፣ ተንጋጋ፣ ተራገጠ» ማለት የተለመደ ነው። እኛም መጀመሪያ ያሰብነው እንዲሁ ነበር። ነገር ግን ከኋላ ያለው ሰው ከፊት የሆነውን አያይም፣ ጩኸቱንም ከሙዚቃው አይለየውም። አንድ እርምጃ ብቻ ወደፊት ሄድኩ ይላል። የሺህ ሰው አንድ አንድ እርምጃ ሲደመር ከፊት ላለው ሕፃን ደረት ከግንብ ይከብዳል። ጥፋቱን በዚያ ሰው ላይ መጣል ትክክል አይመስለንም፤ ሊያይ የሚችለው ቦታውን ያዘጋጀው ነውና።

ጆን ፍሩይን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1993 ባቀረበው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 7 ያህል ሰው ሲቆም ሕዝቡ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ሰው በራሱ ፈቃድ መራመድ ይቀርና ማዕበሉ ወደ ወሰደው ይሄዳል፤ ከጫማው ተነቅሎ እስከ መነሣት ይደርሳል። የሚሞተውም ተረግጦ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ቆሞ ሳለ ነው፤ ደረቱ ከፊትና ከኋላ ስለሚጨመቅ ሳንባው አየር ለመሳብ ቦታ ያጣል።

ይህን ለመረዳት በክፍላችን ወለል ላይ በጠመኔ አንድ ካሬ ሜትር አሰመርን። ሁለት ስንቆም እንደ ልባችን ተጫወትን። አራት ስንሆን ክንዳችን ተነካካ። ስድስተኛው ሲገባ እጁን ወደ ኪሱ መስደድ የቻለ አልነበረም። ሰባተኛው የገባው እየሣቀ ነበር፤ እኛ ግን ሣቁን አልተከተልነውም። ስምንተኛውን አልሞከርንም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ «እኛ በመስቀልና በጥምቀት ስንት ሕዝብ አይተን የለምን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን መስቀል አደባባይ ሰፊና ብዙ መንገድ ያለው ስፍራ ነው፤ ታቦት የሚሸኘውም ሕዝብ እየተጓዘ ነው። የእኛ ግቢ ግን በግንብ የታጠረ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት በትምህርት መዝጊያ ምሽት ቴአትሩ ሲያበቃ የሆነውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እንግዶችን ለመቆጣጠር ሲባል ከዋናው በር አንደኛው መዝጊያ ብቻ ተከፍቶ ነበር፤ ከበሩም ውጭ ለውዝና ቆሎ የሚሸጡ ተደርድረው ነበር። የአንድ ጓደኛችን ታናሽ እህት ወደቀች። አንድ የማናውቃቸው አባት ጎንበስ ብለው በክንዷ ጎትተው አነሡአት፤ እጇ ወለም ከማለቱ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰባትም። በማግሥቱ ጠዋት ዘበኛው ከበሩ ሥር ጥንድ የሌላቸው ሰባት ጫማዎች ለቅመው አሳዩን። ያን ጊዜ ሥቀንበታል። የፍሩይንን ጽሑፍ ካነበብን በኋላ ግን ስለነዚያ ጫማዎች ያለን አስተያየት ተለወጠ።

ስለዚህ በሜትር ለካን። አንዱ መዝጊያ ብቻ ሲከፈት የዋናው በር ስፋት 1 ሜትር ከ40 ነው። በእንግሊዝ አገር ለስታዲየሞች ደኅንነት የወጣው መመሪያ እንደሚለው፣ በደልዳላ መንገድ ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ ቢበዛ 82 ሰው ያልፋል። በዚህ ሒሳብ በበራችን በደቂቃ የሚያልፈው 115 ሰው ነው። ኮሚቴው የሚጠብቀው 2,300 እንግዳ ነው። ሁሉም ለመውጣት 20 ደቂቃ ይፈጅበታል ማለት ነው፤ ይኸውም ማንም ሳይቸኩል፣ ሕፃን የታቀፈች እናት ሳትዘገይ፣ መብራትም ሳይጠፋ ነው። ሁለቱም መዝጊያዎች ቢከፈቱና ከባሕር ዛፎቹ አጠገብ ያለው 3 ሜትር የሚሰፋው የኋላ በር ቢጨመር ግን ሁሉም ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይወጣል። የሒሳብ መምህራችን አርመውልናል።

ትልልቆቹ መናፈሻዎችም ያደረጉት ከዚህ የራቀ አይደለም። በማጂክ ኪንግደም ከቤተ መንግሥቱ ፊት ያለውን አደባባይ እስከ 2015 ድረስ አስፍተው ለተመልካች የሚሆን መስክ ጨመሩ፤ ሕዝብ ሲበዛም ከሱቆቹ ጀርባ ያለውን መተላለፊያ ለመውጫ ይከፍታሉ። በካሊፎርኒያ በ2010 በተጀመረው የውሃና የብርሃን ትርኢት ላይ ለተመልካቹ ሰዓትና የመቆሚያ ክፍል የተጻፈበት ወረቀት ያድሉ ነበር። በፍሎሪዳ ኤፕኮት በተባለው መናፈሻ ደግሞ የምሽቱ ትርኢት የሚታየው ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በሚዞረው ሐይቅ ላይ ስለሆነ ሕዝቡ ዙሪያውን ይቆማል። የመጨረሻው ብልኀት ሐይቅ ለሌለው ለእኛ አይሆንም፤ የፊተኞቹ ግን ይሆናሉ።

ለእናንተ ለጓደኞቻችን ደግሞ አንድ ሁለት ነገር እንንገራችሁ። በግፊያ መካከል ከገባችሁ ሁለት እጃችሁን እንደ ቦክሰኛ ከደረታችሁ ፊት አድርጉ፤ ለትንፋሽ የምትሆን ጥቂት ቦታ የምትገኘው በዚያ ነው። ማዕበሉን ፊት ለፊት አትግፉት፤ ጋብ ሲል በሰያፍ ወደ ዳር ውጡ። ስልክ ቢወድቅባችሁ አትጎንበሱ። ሥዕል ለማንሣት እጃችሁን ሰቅላችሁ ደረታችሁን ባዶ የምትተዉትም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴትዮ አስታውሱ። ትንንሽ ወንድሞቻችሁንና እኅቶቻችሁን ግን ይዛችሁ በጥግ በኩል ቁሙ፤ ሥዕሉ ከጥግ ጠመም ብሎ ቢታይም ግድ የለም።

ክቡር ዲሬክተር፣ የምንለምነው ይህን ነው። የዋናው በር ሁለቱም መዝጊያዎችና የኋላው በር ከትርኢቱ በፊት ይከፈቱ። ሻጮቹ ከበሩ ራቅ ብለው በሜዳው ዳር ይቀመጡ። ርችቱ ካበቃ በኋላ ሙዚቃው ሩብ ሰዓት ያህል ይቀጥል፤ መቆየት የሚወድ ይቆይ። አንድ መምህርም ድምፅ ማጉያ ይዘው ሰገነቱ ላይ ይሁኑ፤ ሕዝቡ ሲጠብ አይተው ትርኢቱን ለማቆም ሥልጣን ይኑራቸው። ትርኢት ማቋረጥ ያሳፍራል የሚል ሐሳብ በክበባችን ተነሥቶ ነበር፤ የአካሺን ልጆች ያነበበችው ጓደኛችን መልስ ስለ ሰጠችበት አልተደገመም።

የኋላው በር ለብዙ ዓመት ስላልተከፈተ ማጠፊያው ዝጎ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ባለፈው ቅዳሜ ዝገቱን ፍቀው ዘይት ቀብተውታል፤ አሁን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሊከፍተው ይችላል። ቁልፉ በዘበኛው ዘንድ ነው። እርሳቸውም እንዲከፍቱ የርስዎን ትእዛዝ እየጠበቁ መሆናቸውን ነግረውናል።