በአንገት ያለው ማተብና በልብ ያለው ቃል ኪዳን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሰው ወገኑ ማን እንደ ሆነ በልቡ ይዞ ብቻ አይቀመጥም፤ በልብሱም ላይ ሊያሳየው ይወዳል። ወታደር የክፍሉን ምልክት በትከሻው፣ ተማሪ የትምህርት ቤቱን ዓርማ በደረቱ ያደርጋል፤ ማኅበርተኛ በበዓሉ ቀን ጥብጣቡን ያሥራል፤ የፖለቲካ ማኅበር አባል የሆነም ዓርማውን በኮቱ ላይ ይሰካል። ይህ ሁሉ በራሱ ነውር አይደለም፤ ምልክት ያለ አፍ የሚናገር ቃል ነውና። ነገር ግን ቃል ሁሉ እውነተኛ እንዳልሆነ ሁሉ ምልክትም ሁሉ እውነተኛ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የምንመረምረው፣ ምልክት ያደረገ ሰው በምልክቱ ምን ዕዳ እንደሚገባበት ነው።

በፈረንሳይ አገር ሕዝቡ በንጉሡ ላይ በተነሣበት ዘመን የሆነው ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ1789 በሐምሌ ወር የፓሪስ ሰዎች ጥብጣብ በክብ አጥፈው እንደ አበባ በባርኔጣቸው ላይ ይሰኩ ጀመር፤ ስሙንም ኮካርድ ይሉት ነበር። በዚያው ወር በ17ኛው ቀን ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ወደ ከተማው መጥቶ ኮካርዱን ከከንቲባው እጅ ተቀበለና በባርኔጣው ላይ አደረገው፤ ሕዝቡም በደስታ ጮኸ። ነገር ግን ያ ጥብጣብ የንጉሡን ልብ ከሕዝቡ ልብ ጋር ሊያስተሳስር አልቻለም። ንጉሡ በ1791 ሸሽቶ ሲሄድ በመንገድ ተያዘ፤ በ1793 በጥር ወርም በአደባባይ አንገቱ ተቀላ። በዚያው ዓመት በመስከረም ሴቶችም ኮካርድ እንዲያደርጉ በሕግ ታዘዘ። ሁሉ በግድ ባደረገው ጊዜ ግን ምልክቱ ታማኙን ከከሐዲው መለየቱ ቀረ፤ የሚወደውም የሚፈራውም አንድ ዓይነት ጥብጣብ አድርገዋልና።

ከዚህ ዘመን እጅግ አስቀድሞ እግዚአብሔር ራሱ ለሕዝቡ ምልክት ሰጥቶ ነበር። በኦሪት ዘኍልቍ በ15ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ የእስራኤል ልጆች በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ፣ በዘርፉም ላይ ሰማያዊ ፈትል እንዲያኖሩ ታዘዙ። ለምን እንደ ታዘዙ ልብ እንበል። ባለ ልብሱ ራሱ ዘርፉን አይቶ የአምላኩን ትእዛዝ እንዲያስታውስና እንዲፈጽመው ነው። በጌታችን ዘመን ግን ጻፎችና ፈሪሳውያን ዘርፋቸውን ያስረዘሙት ሰው እንዲያይላቸው ስለ ነበረ ጌታችን ገሠጻቸው፤ ይህንም በማቴዎስ ወንጌል በ23ኛው ምዕራፍ እናነባለን። ፈትሉ ያው ፈትል ነው፤ የተለወጠው ዓይን ነው። ትናንት ባለቤቱ የሚያይበት የነበረው፣ ዛሬ ባለቤቱ የሚታይበት ሆነ።

እኛም በአንገታችን ፈትል አለ። ማዕተብ የተባለው ስም ዐተበ ከሚለው የግእዝ ቃል የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ባረከ፣ በመስቀል ምልክት አማተበ ማለት ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ ይህ ክር በአንገታቸው ይታሠራል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው፣ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ያዕቆብ ዘእልበረዲ ምእመናን ይታወቁ ዘንድ በአንገታቸው ክር ያሥርላቸው ነበር። እርሱ ራሱ ግን ከሚያሳድዱት ለመሰወር የተጣጣፈ ጨርቅ ለብሶ እንደ ለማኝ ከአገር አገር ይዞር ነበር፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ልብሱ ነው። ለሌላው ምልክት ያሠረ አባት ለራሱ ጌጥ አልፈለገም።

ሕዝባችንም የማተብን ምሥጢር በቋንቋው አኑሮታል። የሚታመነውን ሰው ባለ ማተብ ይለዋል፤ ቃሉን ያፈረሰውን ማተቡን በጠሰ ይለዋል፤ ክሩ በአንገቱ ላይ እንዳለ እንኳ ቢሆን! እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ማተብ ክርስቲያን ለጎረቤቱ የሰጠው መያዣ ነው። ገበያ የወጣች ድኻ እናት በነጋዴው አንገት ማተቡን አይታ ሚዛኑን ሳትመረምር ገንዘቧን ብትሰጠው፣ እርሱም ቢያጎድልባት፣ የሰረቀው እህሏን ብቻ አይደለም፤ የክርስቶስን ስም ማታለያ አድርጎታል። በዳኛ ፊት በሐሰት የሚመሰክርም እንዲሁ ነው። ማተብ የሌለው ሌባ በአንድ ነገር ይጠየቃል፤ ማተብ ያለው ሌባ ግን በሁለት ይጠየቃል።

ደግሞም ማተብ ጎረቤትን የምንለይበት አጥር እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ። በዘመናችን ሰው የሌላውን ደረትና አንገት አይቶ፣ ዓርማውንና ቀለሙን መርምሮ፣ ሰላምታ ሊሰጥ ወይም ሊነሣ ይፈርዳል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያቈሰሉትን ሰው ግን እናስብ፤ ልብሱን ገፈውታልና በላዩ ምልክት አልነበረም። ካህኑና ሌዋዊው አልፈውት ሄዱ፤ ሳምራዊው ግን ወገኑን ሳይጠይቅ ቍስሉን አሠረለት። የቍስል ማሠሪያው ጨርቅ በዚያ ቀን ከዘርፍ ሁሉ ይልቅ የከበረ ሆነ።

ምልክቱ በነፍስ የሚያስጠይቅበት ጊዜም አለ። በ2007 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በሊቢያ ምድር ወንድሞቻችን ክርስቲያን በመሆናቸው እንደ ተገደሉ ሁላችን ሰምተን አልቅሰናል። እነርሱ እንጀራ ፍለጋ የወጡ ድኾች ነበሩ፤ በደረታቸው ኒሻን አልነበረም። ነገር ግን በሕፃንነታቸው ሌላው ያሠረላቸውን ማተብ በደማቸው አጸኑት። እንዲሁም ባሕር ተሻግራ በሰው ቤት የምታገለግል እኅት ማተቧን ከልብሷ በታች ብትሸፍነው፣ በደጅ ተቀምጠን አንፍረድባት። በሌሊት ተነሥታ በእንባ የምትጸልይ እንደ ሆነ፣ በስውር የሚያይ አባቷ ያውቃታል። እኛ በነጻነት ያሠርን ግን በምን እናመካኛለን?

ስለዚህ ጧት ፊታችንን ስንታጠብ እጃችን ክሩን በነካ ጊዜ፣ ዛሬ በእኔ የሚታመን ማን ነው ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ክሩ ቢያረጅ አዲስ ክር ይፈተላል፤ ቢበጠስ ይቋጠራል። የተበጠሰው እምነታችን እንደ ሆነ ግን ወደ ነፍስ አባታችን ሄደን እንናዘዝ፤ ያጎደልነውንም ለባለቤቱ እንመልስ። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል በገባ ጊዜ በቤቱ መዳን ሆነ፤ በአንገቱ ምን እንደ ነበረ የጠየቀው የለም።

በሚታየው ምልክት የጠራን አምላክ የማይታየውን ቃል ኪዳን በልባችን ያጽናልን፤ አገራችንን በሰላም፣ ሕዝባችንን በፍቅር ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ለዘላለሙ አሜን።