ጡረታ፣ መኖሪያ ቤትና የቤት እንስሳ፦ በአሜሪካ ስላለው የባለ ጎማ ቤት ኑሮ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመጽሔታችን አዘጋጆች በጡረታ ዘመን አቅም የሚፈቅደውን መኖሪያ ቤት ስለማግኘት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ገና የሠላሳዎቹን ዕድሜ ያልጨረሰ ሰው ስለ ጡረታ ምን ሊናገር ይችላል የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ እንደሚያድር አልጠፋኝም። መልሴ አጭር ነው። መሐንዲስ የድልድዩን ዕድሜ የሚያሰላው ድልድዩ ከማርጀቱ በፊት ነው። ደግሞም ጉዳዩ የታላላቆቻችን ጉዳይ ሆኗል። ከ1974 በኋላ፣ በተለይም አሜሪካ የስደተኞችን ሕግ በ1980 ካወጣች ወዲህ ወደዚህ አገር የገቡት ወገኖቻችን፣ ያኔ ወጣቶች የነበሩት፣ ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል ወይም ከደጃፉ ደርሰዋል። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ከወጣበት ከ1935 ወዲህ የአሜሪካ ጡረተኛ ዋና ምርኩዝ ይኸው አበል ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ የጡረተኛ አማካይ አበል በወር 1,976 ዶላር ገደማ ነበር። አበሉ የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ከተገኘባቸው 35 ዓመታት ስለ ሆነ፣ በአርባ አምስት ዓመቱ አሜሪካ የገባ ሰው ሃያ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ቢወጣ የቀሩት አሥራ አምስት ዓመታት በዜሮ ይደመሩበታል። በፓርኪንግ ጠባቂነት፣ በታክሲ ነጂነትና በሆቴል ሥራ ጉልበታቸውን የጨረሱት ብዙዎቹ ወገኖቻችን ከአማካዩ በታች የሚያገኙት ከዚህ የተነሣ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የአንድ መኝታ ቤት ኪራይ ከዚህ አበል ላይ ምን እንደሚያስቀር ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

በዚህ ላይ የቤት እንስሳ ይጨመራል። በአገራችን ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው፤ ማደሪያው ደጅ ነው፤ ድመትም ብትሆን ለአይጥ ካልሆነ ብዙም አትፈለግም። እዚህ ግን ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ከሄዱ፣ የትዳር ጓደኛም ካረፈ በኋላ፣ ለሽማግሌው ወይም ለአሮጊቷ በቤት ውስጥ የሚተነፍስ ሌላ ነፍስ ያ እንስሳ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ አከራዮች ለእንስሳው የተለየ ማስያዣና ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ሌሎች በክብደትና በዘር ይወስናሉ፤ የቀሩትም ጨርሶ አይፈቅዱም። ወጣት ልጆች «ውሻውን ለሰው ስጠውና ቤት እናግኝልህ» ማለት ይቀላቸዋል። በእኔ አስተያየት ይህ አነጋገር የጥያቄውን አስቸጋሪ ክፍል ሰርዞ ቀላሉን እንደ መመለስ ነው። እንስሳው በንድፉ ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት ያለበት መለኪያ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ አባታችን፣ ስማቸውን ለመጥቀስ ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ጋሼ ብቻ የምላቸው፣ ሊገዙት ያሰቡትን ያገለገለ ሞተር ሆም እንድመለከትላቸው ጠሩኝ። የሚኖሩበት ሕንጻ ባለቤት ተለውጦ፣ አዲሱ ባለቤት ከአሥር ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ በቤት እንዳይኖር ደንብ አውጥቷል። የጋሼ ውሻ ሠላሳ ኪሎ ትመዝናለች። «ልጄ፣ ኪራይ ቢጨምሩብኝ ጾሜን ውዬም እከፍል ነበር፤ ይህችን ግን ለማን ልስጣት?» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የክብደቱን ሰሌዳ ያሳዩኝ» አልኋቸው።

ባለ ጎማ ቤት፣ በዚህ አገር አርቪ የሚባለው፣ ሁለት ዓይነት ነው፤ የራሱ ሞተር ያለውና በሌላ መኪና የሚጎተተው። ሁለቱም የተፈቀደላቸውን ጭነት የሚገልጽ ሰሌዳ አላቸው፤ ገዢዎች ግን ከመጋረጃውና ከምድጃው በፊት ሰሌዳውን ሲያነቡ ብዙ ጊዜ አይታዩም። ጋሼ ባዩት ሞተር ሆም ሰሌዳ ላይ ለሰውና ለጭነት የተፈቀደው 540 ኪሎ ነበር። የውሃው ማጠራቀሚያ 150 ሊትር ይይዛል፤ ይህ 150 ኪሎ ነው። ጋሼ 75፣ ውሻዋ 30። የቀረው 285 ኪሎ ነው። መጻሕፍታቸውን በሳጥን አድርገን ብንመዝን 160 ሆኑ። ልብስ፣ የክረምት ብርድ ልብስ፣ ዕቃ ቤት፣ የመኪና መፍቻ፣ የወር አስቤዛ፣ የውሻ ምግብ፣ ይህ ሁሉ በ125 ኪሎ ውስጥ መግባት አለበት። ከተፈቀደው በላይ የጫነ ተሽከርካሪ ጎማው ይፈነዳል፣ ፍሬኑም ይዳከማል። ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው «መጻሕፍቱ ይቅሩ» አሉ።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስናልፍ ጉዳዩ በቀጥታ ውሻዋን ይነካል። የአነስተኛው አርቪ መስመር ባብዛኛው በ120 ቮልት 30 አምፔር ነው፤ ይኸውም 3,600 ዋት ማለት ነው። ማቀዝቀዣው ብቻውን 1,500 ዋት ያህል ይወስዳል። በኤሌክትሪክ መስመር በተዘረጋበት የአርቪ ፓርክ ይህ ይበቃል። ኪራይ ለመሸሽ ሲባል መስመር በሌለበት ምድረ በዳ ቢቆምስ? 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አንድ የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ያከማቻል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ መጠቀም ይገባል። 600 ለ1,500 ሲካፈል ሃያ አራት ደቂቃ ነው፤ በመንገድ ላይ የሚባክነውን ሳንቈጥር። ውጭው 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት ወደ 40 ዲግሪ እንደሚደርስ በ2005 የታተመ የሕክምና ጥናት አሳይቷል። አርቪ ከመኪና ሰፊ ስለ ሆነ ፍጥነቱ ይለይ ይሆናል፤ ግድግዳውና ጣራው ግን ስስ ነው። እንግዲህ ጋሼ ሐኪም ዘንድ በሚውሉበት ቀን ውሻዋን ከማን ጋር ይተዋሉ? ሙቀት ሲጨምር በስልክ የሚያስታውቅ መሣሪያ ይሸጣል፤ የስልክ ሞገድ በሌለበት ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ጌጥ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የመሬቱ ነው። ሰዎች አርቪ ሲገዙ ቤት የገዙ ይመስላቸዋል፤ የገዙት ጣራና ግድግዳ ነው፤ የሚቆምበት መሬት አሁንም የሌላ ነው። ብዙ ከተሞችና አውራጃዎች በደንባቸው አርቪን ቋሚ መኖሪያ አድርጎ መጠቀምን ይከለክላሉ፤ በራስ ግቢ እንኳ ቢሆን። ከአርቪ ፓርኮች አንዳንዶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ተሽከርካሪ አይቀበሉም፤ እነርሱም የውሻ ዘር የሚመርጡበት ጊዜ አለ። የፌዴራሉ መንግሥት የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያስተዳድራቸው ሰፊ መሬቶች ላይ በነፃ ማደር ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በ28 ቀን ውስጥ ከ14 ቀን አይበልጥም። ይኸው ቢሮ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ለምሳሌ በኳርትዝሳይት አጠገብ፣ ከ1983 ጀምሮ የረጅም ጊዜ ማረፊያዎች ከፍቷል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ የሚዘልቀው ፈቃድ ለብዙ ዓመታት 180 ዶላር ነበር። በክረምት በሺህ የሚቈጠሩ ጡረተኞች ከነውሾቻቸው ይሰፍሩበታል። ጄሲካ ብሩደር በ2017 ያሳተመችውና በኋላ ፊልም የሆነው «ኖማድላንድ» የተሰኘው መጽሐፍ የሚናገረው ስለ እንዲህ ዓይነቱ ኑሮ ነው። በበጋ ግን በረሃው ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላልና ሁሉም ወደ ሰሜንና ወደ ተራራ ይነዳል፤ ነዳጁም ያኔ ኪራይ ይሆናል። የአሪዞና አፈር ደግሞ የሸለቆ ትኩሳት የሚባለውን የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ሻጋታ አለበት፤ አፈር የሚያሸቱና የሚቆፍሩ ውሾች ይጠቃሉ፤ መድኃኒቱም ለወራት ይወሰዳል።

ይህን ስል ኑሮውን ለማንቋሸሽ አይደለም። ጤናው የተሟላ፣ መፍቻ መያዝ የሚያውቅ፣ ብቸኝነት የማያስፈራው ሰው በአርቪ ደስ ብሎት ሲኖር አይቻለሁ፤ ለውሻም ከአፓርታማ የተሻለ ሕይወት ሊሆን ይችላል። ብርቱ ረዳቶችም አሉ፤ በ1978 የተመሠረተው የኤስኬፒስ ክበብ በቴክሳስ ሊቪንግስተን ለአባላቱ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ሕጋዊ አድራሻም እንዲኖራቸው ይረዳል፤ መንዳት ላቆሙ ጡረተኞችም በዚያው መንደር እንክብካቤ የሚያገኙበት ቦታ አለ። ነገር ግን አርቪ ማሽን ነው። የጣራው መገጣጠሚያ በየጊዜው ካልታሸገ ውሃ ገብቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ ጎማው ጥርሱ ባያልቅም በዕድሜ ብቻ ይሞታል፤ ዋጋው በየዓመቱ ይወርዳል። ሻጩን የማይጠይቁት አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ዓይን በደከመበት ቀን ማን ይነዳዋል? ጋሼ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሜዲኬራቸውም በሜዲኬር አድቫንቴጅ በኩል ከሆነ ባብዛኛው በአንድ አካባቢ ሐኪሞች የታጠረ ነው፤ ዋናው ሜዲኬር ግን በማናቸውም ክፍለ ግዛት ከሚቀበለው ሐኪም ዘንድ ያገለግላል።

ሞባይል ሆም የሚባለው ሌላው አማራጭ፣ ከሰኔ 1976 ወዲህ በፌዴራል የአሠራር ደረጃ በፋብሪካ ይሠራል፤ አንድሩ የተባለው ማዕበል በ1992 ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ ደግሞ የነፋስ መቋቋሚያው በ1994 ተጠናክሯል። ጎማ ስላለው ይንቀሳቀሳል ማለት ግን ስሙ እንጂ ግብሩ አይደለም። ለማንቀሳቀስ ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃልና የመሬቱ ባለቤት ኪራይ ሲጨምር ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ወይ ጭማሪውን መክፈል ወይ ቤቱን ሸጦ ወይም ጥሎ መሄድ ይገደዳል። ነዋሪዎቹ በኅብረት ሥራ መሬቱን የገዙበት መንደር ቢገኝ እርሱን አስቀድሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። በ1959 የወጣው የቤቶች ሕግ ክፍል 202 ዕድሜያቸው 62 የሞላና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ አረጋውያን የሚኖሩባቸውን ሕንጻዎች መሠረት ጥሏል። የፌዴራል የኪራይ ድጎማ ባለበት ሕንጻ ተከራዩ የሚከፍለው ከተስተካከለው ገቢው 30 ከመቶ ያህል ነው። በ1983 የወጣው ሕግ ደግሞ በፌዴራል ድጎማ ለአረጋውያን የተሠራ ሕንጻ ባለቤት የተለመደ የቤት እንስሳ በመያዙ ምክንያት ተከራይን መከልከልም ሆነ ማስወጣት እንደማይችል ደንግጓል። በእነዚህ ሕንጻዎች ድጎማ ለሚያገኘው ተከራይ የእንስሳው ማስያዣ ከ300 ዶላር አይበልጥም፤ በመጀመሪያ ከ50 ዶላር ያልበለጠ፣ ከዚያም በየወሩ ከ10 ዶላር ያልበለጠ እየተከፈለ ይጠናቀቃል። ባለቤቱ ስለ ክትባት፣ ስለ ቁጥርና ስለ መጠን ተገቢ የሆነ ደንብ ማውጣት ይችላል። ስለዚህም የሠላሳ ኪሎ ውሻ ያለው ሰው ደንቡን በጽሑፍ አስቀድሞ ማየት አለበት። በ1986 በተጀመረው የግብር ቅናሽ ብቻ የተሠሩትን ሕንጻዎች ግን ይህ የእንስሳ ሕግ አይመለከታቸውም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም፤ «ሕንጻው በየትኛው መርሐ ግብር ነው የተደጎመው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ወገኖቻችን ይህን ሕግ ባለማወቅ ስንት እንስሳ ለመጠለያ እንዳስረከቡ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ችግሩ ወረፋው ነው። ተራው በዓመታት ሊቈጠር ይችላል። ጋሼ ሞተር ሆሙን ሳይገዙ በአራት ሕንጻዎች ተመዝግበዋል፤ ተራቸው እስካሁን አልደረሰም፤ ለጊዜው ከነውሻቸው በእኅታቸው ልጅ ቤዝመንት ተጠግተው ይኖራሉ። ስለዚህ ወላጅ ያላችሁ አባላት፣ 62 ዓመት በሞላቸው ወር መዝግቧቸው፤ ቤት ቢኖራቸውም እንኳ። በአንድ ሕንጻ ብቻ አትወሰኑ። አድራሻ ሲለወጥ ለእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቁ፤ ለማጣራት የተላከ ደብዳቤ ሳይመለስ ከቀረ ስማቸው ከመዝገቡ ይሰረዛልና። አርቪ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ አደጋ እጥፍ ነው። የእንስሳውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃና የሐኪሙን ወረቀት ከማመልከቻው ጋር በአንድ ፋይል አኑሩ።

አርቪ ለመግዛት ያሰበ አባል ወይም ወላጅ ካለ፣ የክብደት ሰሌዳውን፣ የጎማውን የተሠራበት ዘመንና የጣራውን መገጣጠሚያ ፎቶግራፍ አንሥቶ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ይላክልኝ፤ ሒሳቡን አብረን እንሠራለን።