ግጦሹ አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን። የዛሬው ርዕሳችን የተራራ ግጦሽን በተራ ስለመጠቀም ነው።

ሳር ከተጋጠ በኋላ ዳግም የሚያቆጠቁጠው ሥሩ ባከማቸው ስንቅ ነው። ሳያገግም ደጋግመው ካስጋጡት ስንቁ አልቆ ሥሩ ይሞታል። ተዳፋት ላይ ሲሆን ደግሞ ሥር ያልያዘውን አፈር ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ አንዱን ወገን እያስጋጡ ሌላውን ማሳረፍ ግድ ነው።

በሞሮኮ የአትላስ ተራሮች የሚኖሩ ሙስሊም ወንድሞቻችን ይህን ደንብ «አግዳል» ይሉታል። ኡካይመደን የተባለው ከፍተኛ መስክ በልማዳቸው መሠረት በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 6 እስከ ነሐሴ 4 ዝግ ነው። በእነዚህ ወራት ሳሩ አብቦ ዘር ይጥላል። የመክፈቻው ቀን ሲደርስ ባለመብቶቹ ሁሉ ይገባሉ፤ ከዚያ በፊት ማንም መንጋውን አያስገባም።

በኢስላም ታሪክም «ሒማ» የሚባል የተከለለ ግጦሽ ነበር። ከኢስላም በፊት ኃያላን መልካሙን መስክ ለራሳቸው ይከልሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አስቀሩ፤ ክልከላም ለሕዝብ ጥቅም ብቻ ሆነ። በቡኻሪ እንደተዘገበው፣ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሁነይ የተባለውን የሒማ ኃላፊ ሲሾሙ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያላቸውን እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዲከለክል አዘዙት። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የእነዚህ ሁለቱ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ደጄ ይመጣል አሉ። ልብ በሉ፤ የተከለከሉት ሁለቱ ታላላቅ ሶሐቦች ናቸው!

ወገኖቼ፣ በየቀያችን ተራራ ሲከለል አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ይህንኑ ነው። አንዲት ላም ብቻ ያለቻት የየቲሞች እናት በዝግ ወራት ላሟን ምን ታበላለች? መላ ካላበጀንላት ሌሊት ሰርቃ ታስገባለች። ያኔ ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ከተከለለው ቦታ ሳር አጭዳ በሸክም እንድትወስድ ይፈቀድላት። ብዙ መንጋ ያለውም መስኩ ከሚችለው በላይ አያሰማራ። የሽማግሌ ልጅም ሆነ ባለሀብት ደንቡን ሲጥስ እንደማንኛውም ሰው ይቀጣ። ፍትሕ የሌለበት ክልከላ ጥበቃ ሳይሆን ቅሚያ ነው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።