ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ፤ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተነገረ



ስለ ምጣድ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአንድ አባላችን ለቅሶ ጊዜ የማኅበሩ ምጣድ አንዲት እኅታችንን ነዝሮ መሬት ላይ እንደጣላት ታስታውሳላችሁ። እግዚአብሔር አተረፋት። ጥፋቱ የእኛ የኮሚቴዎቹ ነበር። ለአምፑል በሚሆን ቀጭን ሽቦ ከቤት እስከ ድንኳን ስበን፣ የመሬት ሽቦ ሳናስገጥም፣ በዝናብ በራሰ መሬት ላይ ነው ያስጋገርናት። ስለዚህ ከባለሙያ ጠይቀን የተረዳነውን እንነግራችኋለን።

ምጣዱ ከሥሩ ዙሪያውን የተጠማዘዘ ቦይ አለው፤ ሬዚስታንስ የምንለው ጥቅልል ሽቦ እዚያ ውስጥ ይተኛና በጄሶ ይደፈናል። ብዙው ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይኸውም በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ተራው ሶኬት የሚችለው እዚሁ ድረስ ነው። እንግዲህ ሶኬቱ ሲግል፣ ሲጠቁር ወይም ላስቲክ ላስቲክ ሲሸት «ይቺን አንድ እንጀራ ላውጣና» አይባልም፤ ወዲያው ይጥፋ። መድኃኒቱ በ4 ሚሊ ሽቦ ለብቻው የተዘረጋ መስመር ነው። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ወረደ ብሎ በትልቅ መለወጥማ ቤቱን ለእሳት መስጠት ነው፤ ሽቦው ያው ቀጭኑ ነዋ!

እንጀራው ከተጣበቀ ኤሌክትሪኩን አትውቀሱ። ምጣዱ አልተሟሸም፣ ወይም በሳሙና ታጥቧል። በተደቆሰ ጎመን ዘር ደጋግሞ ማሰስ ነው፤ ይህንን እናቶቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል።

በአንድ ወገን ዓይን አውጥቶ በሌላው ጥሬ ከሆነ፣ በቅድሚያ ማስቀመጫው መዝመም አለመዝመሙን እዩ። ቀጥ ካለ ሽቦው በቦዩ ውስጥ እኩል አልተሳበም ማለት ነው፤ የተሰበሰበበት ያሳርራል፣ የተለጠጠበት ጥሬ ያስቀራል። ጭራሽ አልሞቅ ካለ ደግሞ ብሬከሩንና መሰኪያውን አይታችሁ ለጠጋኝ ስጡ። የተበጠሰውን በፒንሳ ጠምዝዞ መቀጠል አይበጅም፤ መጋጠሚያው ግሎ እንደገና ይበጠሳል።

ከሁሉ የከፋው ንዝረቱ ነው። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ሸክላው ይሰነጠቃል፤ ሊጡ በስንጥቁ ወርዶ ሽቦውን ያገኘዋል። እርጥብ ሊጥ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሊጡ የሚቀዳው በቆርቆሮ ጣሳ ከሆነማ እጅ ላይ መጣ ማለት ነው። ትንሽ ውርር ካደረጋችሁ እንኳ ሶኬቱን ነቅላችሁ ተዉት። «ላስቲክ ጫማ አድርጌያለሁ» የምትሉ አላችሁ፤ የረጠበ ጫማ ምን ያድናል? ባለሙያዎቹ ኧርዝ የሚሉት የመሬት ሽቦ ከምጣዱ ብረት ጋር መታሰር አለበት።

የማኅበሩ ምጣድ አሁን ሸክላው ተለውጦ የመሬት ሽቦ ገብቶለታል። ሊወስድ የሚመጣ አባል በቤቱ የመሬት መስመር መኖሩን አስቀድሞ ለዕቃ ጠባቂያችን ይንገር። ለሌለው የእንጨቱን ምጣድ እንሰጣለን።