ክብን ስለ መከፋፈል



በትርፍ ጊዜው በአነስተኛ ማሽን ብረት የሚቀርጽ ሰው ሮታሪ ቴብልና ዲቫይዲንግ ሄድ በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅሙ ላይፈቅድለት ይችላል። ቅስት የሚቀርጽ ወይም በሰፊ ዝርግ ብረት ላይ ቀዳዳ የሚደረድር የመጀመሪያውን ቢመርጥ ይበጀዋል፤ ማርሽ የሚቆርጥ ግን ሁለተኛውን።

በተለመደው ዲቫይዲንግ ሄድ እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ሥራው አንድ ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ 28 ጥርስ ለማውጣት 40 ለ28 ሲካፈል አንድ ሙሉ ዙርና 3/7 ይገኛል፤ ይኸውም 21 ቀዳዳ ባለው ክብ ላይ አንድ ዙርና 9 ክፍተት ነው። የሚቆጠረው ክፍተቱ እንጂ ቀዳዳው አይደለም። ፒኑ የተሰካበትን ቀዳዳ «አንድ» ብሎ የጀመረ ሰው በየጥርሱ አንድ ክፍተት ያጎድላል፤ ስሕተቱም የሚገለጥለት የመጨረሻው ጥርስ ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም ሲል፣ ብረቱ ከባከነ በኋላ ነው።

እጀታው ቀዳዳውን ካለፈ፣ በጥርሶች መካከል ያለው ልቅነት እንዳያሳስት፣ በብዙ ወደ ኋላ ተመልሶ በቀድሞው አቅጣጫ መምጣት አለበት፤ ከመቁረጡም በፊት ሥራው የተያዘበት ዘንግ ይቆለፋል።

ባለቀዳዳው ሳህን ላይ ያለ ስሕተት ወደ ሥራው ሲደርስ 40 እጥፍ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሳህኑን በጥንቃቄ በእጅ መሥራት ይቻላል። በትል ጥርስ የሚነዳው ማርሽ ስሕተት ግን ሳይቀነስ በሥራው ላይ ይታተማል። ገዢ ሊመረምር የሚገባው ይህንኑ ነው።