ከችግኙ በፊት



በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችም ነበሩባቸው። ፊደል አስቆጠሩ፣ ገበሬውን አደራጁ፣ የወቅቱን የመሬት አዋጅ አስረዱ። ዘመቻው ግን ግዴታ ነበር፤ የቀረ ተማሪ ትምህርትም ሥራም ይከለከል ነበር። ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የለፉት እነዚያ ልጆች እስከ ዛሬ ያሳዝኑኛል።

አሁን ግን በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ወጣቶች በፈቃዳቸው የአረጋውያንን ቤት ይጠግናሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። ደስ ይላል። እኔ የምመኘው ግን ከዚህ ያለፈ፣ የተማሪውና የመንደሩ እውነተኛ ሽርክና ነው።

ለምሳሌ በአጋርፋ ደጋ ብዙው ተማሪ የስንዴና የገብስ ገበሬ ልጅ ነው፤ መንደሩን ያውቃል። ቢሆንም ችግኙን ከመሸከሙ በፊት አዛውንቶቹን ይጠይቅ፦ ጎርፉ የቱን ማሳ ዳር እየቦረቦረ ነው? ድሮ እዚያ ምን ዛፍ ነበር? እሱም በባዮሎጂ ክፍል የተማረውን ይዞ ይቅረብ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ከተከላው በኋላ ያለው ነው፤ በበጋ ማን ያጠጣል? ከከብት ማን ይጠብቃል? ባለማሳውና ተማሪው ተራ ካልገቡ የተተከለው አይጸድቅም።

ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ክረምቱ ሳይገባ የትምህርት ቤቱ የተማሪ ክበብ ተጠሪዎችና የቀበሌው ሽማግሌዎች አንድ ቅዳሜ አብረው ይቀመጡ፤ መምህራን፣ እባካችሁ ቀኑን ቁረጡላቸው።