ብልሽትን በኮምፒዩተር ማስመሰያ መመርመር
(በነቀምቴ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ማስመሰያ ማለት የአንድን መሣሪያ ጠባይ በስሌት ቀርጾ፣ ዕቃውን ሳይጎዱ፣ ሰውንም ለአደጋ ሳያጋልጡ፣ «ይህ ክፍል ቢበላሽ ምን ይከተላል?» ብሎ መጠየቂያ ዘዴ ነው።

ምሳሌውን ከቅርባችን እንውሰድ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በወለጋ የተሠራው የፊንጫ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ውሃን ከከፍታ በቧንቧ አውርዶ ተርባይን ያዞራል። እንዲህ ባለ ማመንጫ የማስተላለፊያው መስመር ድንገት ቢቋረጥ ተርባይኑ ሸክሙን ያጣና ፍጥነቱ ይጨምራል። መቆጣጠሪያው የውሃውን መግቢያ እጅግ ፈጥኖ ቢዘጋ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት በኃይል ያድጋል፤ ቢዘገይ ደግሞ ተርባይኑ ከልክ በላይ ይሽከረከራል። በሁለቱ መካከል ያለውን ተገቢ ጊዜ ቧንቧ በማፈንዳት ሳይሆን በስሌት ማግኘት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ማስመሰያ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ፍጥነት ለኪው መሣሪያ ራሱ ቢዋሽስ? ይህ ጥያቄ ካልገባበት፣ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ መልሱ ያሳስታል።

የዚህን ዓይነቱን ጉድለት ዋጋ በሐዘን አይተነዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ሲያመራ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወድቆ 157ቱም መንገደኞችና ሠራተኞች አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 19 ቀን ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በእኛው በረራ አውሮፕላኑ ከነፋሱ ጋር ያለውን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት መሣሪያዎች የግራው 74.5 ዲግሪ ሲያመለክት የቀኙ 15 ያህል ነበር። ኤምካስ የተባለው መቆጣጠሪያ ግን የአንዱን ቃል ብቻ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ የኤሌክትሪኩን ኃይል ቆርጠው ማስተካከያውን በእጅ ለማዞር ቢሞክሩም በዚያ ፍጥነት አልታዘዝ አላቸው። የማሠልጠኛ ማስመሰያዎቹ ይህን ክብደት በሚገባ እንደማያሳዩ ታውቆ ቦይንግ ፕሮግራሙን ማረሙን ያስታወቀው ከአደጋው በኋላ፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው።

ማስመሰያ ግን በሚገባ ሲጠየቅ ሌላ መልስ ሰጠ። በሰኔ ወር የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን አብራሪዎች የበረራው ኮምፒዩተር ሆን ተብሎ እንዲሳሳት አድርገው ሲፈትኑት፣ አስቀድሞ ያልታሰበ ጉድለት ተገኘ። አውሮፕላኑ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ዳግም እንዲበር ሲፈቀድ ኤምካስ የሁለቱንም ጠቋሚዎች ንባብ እንዲያመሳክር ሆኖ ነበር።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ አንድ አቅራቢ የተጠናቀቀ ጥናት ሲያስረክበን በሰንጠረዡ ውበት አንርካ። የትኞቹ ብልሽቶች እንደተሞከሩ፣ የትኞቹም እንደተተዉ በጽሑፍ እንጠይቅ። የጥያቄውም ምንጭ ቢሮ ብቻ አይደለም፤ ከመሣሪያው አጠገብ የሚያድረው ተረኛ ሠራተኛ በመዝገቡ የሚያሰፍረው እያንዳንዱ እንግዳ ነገር በማስመሰያው ሊሞከር ይገባዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር በእኛ ሙያ ትርጉሙ ይህ ነው።